ቀለም የጠጣው ወፍጮ



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ግን ርዕሳችን ከጓዳ የወጣ ነው፤ ይኸውም ወፍጮ ነው። «ደግሞ ወፍጮ ምን ይጻፍበታል? እናታችን ቤት አይተነው ያደግነው ድንጋይ አይደለም ወይ?» የሚል ሠልጣኝ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም እንዲያ እንል ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን በገዛ እጃችን የደረሰ ጥፋት ነውና ከዚያው እንጀምር።

ለማስተማር ልምምድ ወደ ወግዲ ገጠር ወጥተን በነበረበት ወቅት፣ ካረፍንበት ቤት አጥር ሥር አንድ የድንጋይ ወፍጮ ተጋድሞ አገኘን። መካከሉ በመፈጨት ብዛት ጎድጉዷል፤ በጉድጓዱ ያቆረውን የዝናብ ውሃ ዶሮዎች ይጠጡበታል። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ለትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን ይሰጡን እንደሆነ ብንጠይቃቸው ሳቁና «ውሰዱት ልጆቼ፣ አብሽሩ። እኔን እንደሆን ባቡሩ ገላግሎኛል» አሉን። ባቡር የሚሉት በሞተር የሚሠራውን ወፍጮ ነው፤ ሐዲድ አይቶ የማያውቅ ብዙ የገጠር ሰው የሞተር ወፍጮውን ባቡር ብሎ መጥራቱ የታወቀ ነው። መጁን ግን ራሳቸው ከጓዳ አምጥተው፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው በእጃችን አስቀመጡልን። ወፍጮው ደጅ ሲጣል መጁ ጓዳ የቀረበትን ምክንያት ያን ጊዜ አልጠየቅንም።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? የወላጆች ቀን ደርሶ ነበርና ድንጋዩ እንግዳ ፊት እንዲያምር ብለን አጥበን፣ አድርቀን፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀባነው። ዳር ዳሩን በቀይ ከበብነው። «ባህላዊ ወፍጮ» የሚል ጽሑፍም ለጠፍንበት። በእውነቱ ደስ ብሎን ነበር። በበዓሉ ቀን እኚያው እናት ተጋብዘው በገበያ መኪና መጡ። አፈጫጨቱን እንዲያሳዩን ስንዴ ይዘን ጠበቅናቸው። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ዝም አሉ።

«ምነው እማማ?» አልናቸው።

«ጥርሱን ደፈናችሁት እኮ» አሉ።

እንግዳ እንዳያፍር ብለው ይመስለናል፣ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ስንዴ ጨምረው መጁን ገፋ አደረጉት። ስንዴው ተንሸራቶ እንዳለ ወረደ። ከሥሩ አረንጓዴ የቀለም ቅርፊት ተከትሎት ወጣ። ልጆቹ ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ያ ቀን ነው። ያላወቅነውን ነገር «ባህላዊ» ብለን ስም ሰጥተን፣ ስም በመስጠታችን ያወቅነው መስሎን ነበር። እስቲ ዛሬ ከመሠረቱ አብረን እንመልከተው።

ድንጋዩና ጥርሱ

የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው። ከታች የሚተኛው ሰፊው ወፍጮ፣ በሁለት እጅ ተይዞ የሚገፋው ትንሹ መጅ ይባላል። ወፍጮው በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ተደርጎ ይተከላል፤ ዱቄቱ በዘንበሉ አቅጣጫ እየወረደ ይጠራቀማል። የምትፈጭ ሴት በላይኛው በኩል ሆና፣ ጎንበስ ብላ፣ በክንዷ ብቻ ሳይሆን በትከሻዋና በወገቧ ክብደት ትገፋለች። መግፋቱ ይፈጫል፤ መመለሱ እህሉን ያመቻቻል።

ማንኛውም ድንጋይ ወፍጮ አይሆንም። የወግዲ ደጋ፣ እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ ነው። ያ ቅላጭ ሲቀዘቅዝ ባዛልት የተባለውን ጥቁር ድንጋይ ሰጠን። በቅላጩ ውስጥ የነበረው ጋዝ ሲያመልጥ ደግሞ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ትቶ አለፈ። ለወፍጮ የሚመረጠው ቀዳዳ ያለው፣ ግን የማይፈረፈር ጠንካራው ነው። ምክንያቱም የቀዳዳው ከንፈር ሹል ስለሆነ እህሉን ይቆርጣል፤ ከንፈሩ ሲያልቅ ከሥሩ ሌላ ቀዳዳ ይከፈትና አዲስ ከንፈር ይተካል። እማማ «ጥርሱ» ያሉት ይኸን ነው። ወደ አባይ ሸለቆ ወረድ ሲሉ የሚገኘው የአሸዋ ድንጋይ በበኩሉ መሳል ይችላል፤ ነገር ግን ቅንጣቱ ከዱቄቱ ጋር እየተቀላቀለ ጥርስ ያስቸግራል። የሰው ጥርስ ማለታችን ነው።

ጥርሱ በመፈጨት እየለሰለሰ ሲሄድ ወፍጮው ይወቀራል። መውቀር ማለት የድንጋዩን ፊት በሹል ነገር ነጠብ ነጠብ እያደረጉ ማሻከር ነው። ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ከልክ በላይ ከተመታ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ አይፈጭም። ከተወቀረ በኋላም መጀመሪያ የሚፈጨው እህል ድንጋይ ስለሚቀላቀልበት አይበላም፣ ለዶሮ ይጣላል ወይም ይደፋል። ዱቄቱ በጥርስ ተሞክሮ አሸዋ የሌለው ሲሆን ብቻ ለቤት ይፈጭበታል።

ሥራው ራሱም ደረጃ አለው። እህሉ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ ይቀርባል። መጀመሪያ ይሸረከታል፤ ቀጥሎ እየተመላለሰ ይፈጫል እስኪልም ድረስ። ባቄላና አተር ግን መከካት ነው የሚፈልጉት፤ ለክክ የሚገፋው መጅ ለዱቄት እንደሚገፋው አይጫንም። ጤፍ ደግሞ ከሁሉም ደቃቅ ስለሆነ ከድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። እነዚህን ሁሉ ልዩነቶች እናቶቻችን በመዳፍ ነው የሚያውቋቸው። ይኸ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ያስተማረ ትምህርት ቤትም አልነበረም። ፈተናው ማታ ማታ በእንጀራ ላይ ይታይ ነበር።

የዕድሜውን ነገር ያነሣን እንደሆነ፣ በትግራይ ምሥራቃዊ ክፍል ጉሎ መኸዳ በተባለው አገር መዝበር የሚባል ጥንታዊ ሥፍራ አለ። ከአክሱም መንግሥት በፊት ሰው የኖረበት ነው። እዚያ በቁፋሮ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል የመፍጫ ድንጋዮች ይገኙበታል። ሎሪ ኒክሰን ዳርከስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የጥንቱን ድንጋይ ለመረዳት የዛሬዎቹን ሴቶች ጠይቀዋል። ለእኛ ለመምህራን ትልቁ ቁም ነገር ይኸ ነው፤ ሊቃውንቱ የሦስት ሺህ ዓመት ድንጋይ ምን እንደሚል ለማወቅ ወደ ገጠር እናቶች ጓዳ ገቡ። እኛ እኮ እናትዬዋን ከጎናችን አስቀምጠን ቀለም ነበር የቀባነው።

የወፍጮ ክብር በመጻሕፍትም አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 6 ላይ ወፍጮንም ሆነ መጁን ለብድር መያዣ መውሰድ ተከልክሏል። መጁ ከተወሰደ ቤቱ አይበላምና ነው። የመጁ ከጓዳ አለመውጣት ምስጢሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለንም።

ሸክሙን አንርሳ

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ካልተናገርን ጽሑፋችን ውሸት ይሆናል። ጥንታዊ ነገር ሲነሣ «ወይ የድሮ ነገር!» ማለት ይቀናናል። የወፍጮ ድምፅና የሴቶቹ እንጉርጉሮ ሌሊት ሲሰማ ያምራል የሚሉ አሉ። የሚያምረው ተኝቶ ለሚሰማው ነው። ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ፣ ወገቧ እስኪነቀል የምትገፋዋ ሴት እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፤ የዐሥር ዓመት ልጅም ልትሆን ትችላለች። በየክፍላችን የሴቶች ቁጥር ለምን ያነሰ እንደነበረ ምክንያት ስንፈልግ ወፍጮውን መርሳት የለብንም። የፈጨች ልጅ ትምህርት ቤት ስትደርስ እንቅልፍ ይጥላታል።

ስለዚህ «ባቡሩ ገላግሎኛል» የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። ወፍጮውን እንጠብቅ ስንል ሴቶች ወደ መጁ ይመለሱ ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ካለ እሱ ራሱ አንድ ቁና ይፍጭና እንነጋገር። እንጠብቅ የምንለው ዕውቀቱንና ምስክሩን ነው።

ውሃው ሲፈጭ

መፍጨት ከሰው ጉልበት ወደ ሌላ ጉልበት ከተሸጋገረባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ ነው። የደጋ ወንዝ ወፍጮ አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃው ከወንዙ በቦይ ይጠለፋል፤ ከዚያ በተዳፋት አሸንዳ ቁልቁል ይለቀቃል። ከሥር መሬት ላይ እንደ ተጋደመ ምጣድ አግድም የሚዞር፣ መቅዘፊያ ያለው መንኰራኵር አለ። ከመንኰራኵሩ መሐል ቀጥ ብሎ የቆመው ዘንግ የላይኛውን ክብ ድንጋይ ያዞረዋል፤ የታችኛው አይንቀሳቀስም። ጥርስ ያለው ማርሽ አያስፈልገውም፤ አናጢና ድንጋይ ጠራቢ ከተገኘ ይሠራል።

የሒሳብና የሳይንስ ሠልጣኞች ይህን አብረውን ያስሉ። በሰከንድ 50 ሊትር ውሃ ከ3 ሜትር ከፍታ ቢወርድ 50 ኪሎግራምን በ9.8 እና በ3 ብናባዛ 1,470 ዋት ይሆናል። እንዲህ ያለው ቀላል መንኰራኵር ከዚያ 30 በመቶውን ብቻ ጠቀመ እንበል፤ ወደ 440 ዋት ይቀረናል። አንድ ሰው በክንዱና በወገቡ ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት 50 ዋት ገደማ ነው ብንል፣ ከመንደር በታች የሚወርድ አንድ ትንሽ ጅረት የ9 ሴቶችን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። እንግዲህ ይኸን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አስልቶ ማለፍ አይገባም። ልጆቹን ወንዝ ዳር ወስዶ በባልዲና በሰዓት ማስለካት ይቻላል።

በአገራችን ስለ ውሃ ወፍጮ ከተጻፉት ታሪኮች አንዱ ከሸዋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በነገሡት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ ባለእጅ በአንኮበር አካባቢ የውሃ ወፍጮ እንደሠራ፣ ካህናቱ ግን «ይኸ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ስለተቃወሙት ብዙም ሳይሠራ እንደቆመ ጽፈዋል፤ ጸሐፊዎቹ በጊዜው ሸዋን የጎበኙ አውሮፓውያን ናቸው። ይህን ታሪክ ስናነብ በሁለት ዓይን ማየት አለብን። አንደኛ፣ ጸሐፊዎቹ እንግዶች ናቸው፤ የአገሩን ሰው ኋላ ቀርነት ማሳየት ይወዳሉ። ሁለተኛ ደግሞ፣ በቤተ መንግሥቱ ጓዳ ብዙ ሴቶች ሌት ተቀን ይፈጩ እንደነበር እዚያው ተጽፏል። የነሱ አሳብ ግን አልተጠየቀም። ወፍጮው ሰይጣን ነው አይደለም የሚለውን የተከራከሩት መጅ ገፍተው የማያውቁ ናቸው። የታሪክ መምህራን ይህን ጥያቄ ለክፍል ውይይት ቢያቀርቡት ሞቅ ያለ ክርክር እንደሚነሣ አንጠራጠርም፤ እኛ ዘንድ ተነሥቷል።

ነፋሱስ?

አንድ ሠልጣኝ «ውሃ ከፈጨ ነፋስስ ለምን አልፈጨልንም? ወግዲ ነፋስ አጥቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነፋስ የደጋውን እህል የሚያውቀው ዐውድማ ላይ ነው። በሬዎች ካበራዩ በኋላ ገበሬው በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ገለባውን ለነፋስ ይሰጣል፣ ፍሬውን ለራሱ ያስቀራል። ነፋስ ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ያፏጫል የሚሉም አሉ። እንግዲህ ዐውድማው ላይ የተማርነው ትልቁ ነገር ይኸ ነው፤ ነፋስ በቀጠሮ አይመጣም።

በሌላው ዓለም ግን በነፋስ መፍጨት ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ10ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የዓረብኛ ጸሐፊዎች በፋርስ ምሥራቅ ሲስታን በተባለው አገር ሰዎች በነፋስ እንደሚፈጩ መዝግበዋል። ወፍጮዎቹ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ፤ ዘንጋቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ክንፎቻቸው እንደ በር በዙሪያው ይዞራሉ። በዛሬይቱ ኢራን ናሽቲፋን በተባለ መንደር የዚሁ ዓይነት ወፍጮዎች እስከኛ ዘመን ቆይተዋል። አውሮፓ ውስጥ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ዘንጉ የተጋደመ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ የሚያዞር ሌላ ዓይነት ተስፋፋ። ሆላንድ በተለይ በዚህ ታወቀች፤ እህል ከመፍጨት አልፋ ረግረግ መሬቷን በነፋስ አድርቃለች።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ ይሆናል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከ20 በመቶ በላይ ስስ ነው። የክንፉ ዙር ስፋት 5 ሜትር የሆነ ወፍጮ እዚህ ደጋ ላይ ቢተከልና ካለው ጉልበት 20 በመቶውን ቢጠቀም፣ ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር ሲሄድ ወደ 120 ዋት፣ 8 ሜትር ሲሄድ ወደ 960 ዋት ይሰጣል። አንድ ቀን ሁለት ሴት፣ ሌላ ቀን ዐሥራ ዘጠኝ ሴት እንደማለት ነው። ቤተ ሰብ ግን በየቀኑ ይበላል። ከዚያም በላይ ትልቅ ዘንግና ማርሽ የሚጠርብ አናጢ፣ ረጅም ወፍራም እንጨት ያሻል። እንግዲህ ነፋሱ የቀረው በስንፍና አይደለም፤ ቢያንስ በከፊል በሒሳብ ነው።

ነፋሱ ወደ ወፍጮ የመጣው በሌላ በር ነው። ይህን በር ከከፈቱት አንዱ መምህር ነበር፤ ስለዚህ ለኛ ጋዜጣ ደስ ይላል። ዴንማርክ ውስጥ አስኮቭ በተባለ የገጠር የሕዝብ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ፖል ላ ኩር እ.ኤ.አ. በ1891 በነፋስ ወፍጮ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። ነፋሱ ሲበዛ ያገኘውን ጉልበት ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ በጋዝ መልክ ያጠራቅምና የትምህርት ቤቱን መብራት ያበራበት ነበር። የገጠር ወጣቶችንም በኤሌክትሪክ ሥራ አሠልጥኗል። በአፍሪካም የማላዊው ዊልያም ካምክዋምባ አለ። በ2001 እና በ2002 እ.ኤ.አ. በአገሩ ረሀብ ሲገባ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ትምህርቱን አቋረጠ። ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ እየተመራ ከቢስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቧንቧ የነፋስ መዘውር ሠርቶ ቤቱን አበራ። ረሀብ ምን እንደሆነ ለወሎ ልጅ አይነገረውም፤ እኛን ያስገረመን ቤተ መጻሕፍቱ ነው። መንደር ውስጥ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ ነበረ፣ ልጁም ገብቶ እንዲያነብ ተፈቅዶለት ነበር።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 በመቀሌ አጠገብ የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ120 ሜጋዋት ተመረቀ። በአዳማ መጀመሪያ 51፣ ኋላም በ2015 የ153 ሜጋዋት ማመንጫ ተተክሏል። የነዚህ ኃይል ከውሃው ኃይል ጋር ተቀላቅሎ በሽቦ ይሄዳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የከተማ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጆንያ ተሸክማ የምትጠብቅ ሴት እህሏ በከፊል በነፋስ እየተፈጨ እንደሆነ አታውቅም። ወፍጮ ቤቱም አያውቅም።

ምን ይጠበቅ፣ እንዴት ይጠበቅ?

ሆላንዶች በ19ኛው መቶ ዘመን እስከ 10,000 የሚደርሱ የነፋስ ወፍጮዎች እንደነበሯቸው ይነገራል። እንፋሎትና ሞተር ሲመጣ አብዛኞቹ ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ1923 ለነዚሁ ወፍጮዎች የቆመ ማኅበር ተመሠረተ። ወፍጮው ቆሞ ቢቀር ግን ወፍጮ አስነሺው አለቀ፤ የማይዞር ወፍጮ ደግሞ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ዘንጉ ይጣመማል። ስለዚህ በ1972 የበጎ ፈቃድ ወፍጮ አስነሺዎች ማኅበር ተቋቁሞ ሽማግሌዎቹ ለወጣቶቹ ሥራውን ያስተምሩ ጀመር። በኪንደርዳይክ የሚገኙት 19 ወፍጮዎች በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ። እኛን የበለጠ የነካን ግን በ2017 የሆነው ነው፤ ዩኔስኮ ያን ጊዜ የመዘገበው ሕንፃውን ሳይሆን የወፍጮ አስነሺውን ሙያ ነው። ሙያ የሚመዘገበው ሰው ውስጥ ስለሆነ ነው።

ወደ ወግዲ እንምጣ። ዛሬ በየመንደሩ ወፍጮው የት እንዳለ ብትፈልጉ የቤት መወጣጫ፣ የከብት ጨው መላሻ፣ የአጥር መሠረት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይኸ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰው ድንጋዩን ይጠቀምበታል። ነውሩ እያንዳንዱ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ለልምምድ የምትወጡ ሁሉ ወፍጮ ስታዩ አታንሡት፤ መጀመሪያ ባለቤቷን ጠይቁ። ከየት ተራራ መጣ? ማን ጠረበው? በስንት ሰው ሸክም? ከእናት ነው ወይስ በጋብቻ የተገኘ? ስንት ጊዜ ተወቀረ? የትኛው እህል ይፈጭበት ነበር? ቃሉን እሳቸው እንዳሉት ጻፉ፤ «አስተካክላችሁ» አትጻፉ። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የጉድጓዱን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ። በጉድጓዱ ላይ ወረቀት ዘርግታችሁ በከሰል ብታሹት የጥርሱ ቅርፅ ይወጣል፤ ይህን ማንኛውም የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ሲሚንቶ እንዳይነካው። ከጥንት መንደር ፍርስራሽ ወይም ከቁፋሮ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ለሚመለከተው የቅርስ አካል ማሳወቅ እንጂ ወደ ማዕከላችን ማምጣት አይፈቀድም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ማንበብ ለሁላችንም ግዴታ ነው።

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን አለመግባባት ነበር፤ አንደብቀውም። ቀለም የጠጣውን ወፍጮ ምን እናድርገው ስንል፣ አንድ መምህራችን «አትንኩት፣ ከነቀለሙ ይቀመጥ። ከተወቀረ የእጃቸው አሻራ ይጠፋል፣ ያረጀበት ምልክት ሁሉ ይፋቃል» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ ስንወቅረው ያ ሁሉ ዓመት የተጻፈበት ፊት ይሄዳል። እማማ ግን «ያልተወቀረ ወፍጮ መወጣጫ ነው» አሉ። እሳቸውም ትክክል ናቸው፤ ሆላንዶችም እንጨቱን እየለወጡ ነው ወፍጮውን ያኖሩት። በመጨረሻ መምህራችን ጉድጓዱን ለኩት፤ በወረቀትና በከሰልም አሻራውን አነሡ። ከዚያ ድንጋዩን ለባለቤቱ ተውነው።

መውቀሪያውን ይዘው ግማሽ ቀን ሠሩ። አረንጓዴው ከድንጋዩ ብናኝ ጋር እየተነሣ በቀሚሳቸው ላይ ሰፈረ። ሁለት ሠልጣኞች እንዲሞክሩ ፈቀዱላቸው፤ አንደኛዋ በጣም መታችና «ቀስ! ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ አታስለቅሺው» ተባለች። መጁን ለምን ጓዳ እንዳስቀሩት ያን ዕለት ጠየቅናቸው። «እናቴ የሰጠችኝ እሱን ነው፤ ወፍጮውማ የባሌ አገር ድንጋይ ነው» አሉን። የመጀመሪያውን ዱቄት ደፉት። ሁለተኛውንም ደፉት። ከሦስተኛው ቆንጠር አድርገው ወደ አፋቸው ከተው፣ በፊት ጥርሳቸው አኘኩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገና ነው» አሉ። «አሸዋ አለው።»

እንደገና ስንዴ ጨመርን።